መንታ ዲስክ ምትኬ ነውን? የቤት ውስጥ የመረብ ማከማቻ አደረጃጀትና አያያዝ

አንድ ቤተሰብ የሠርግ ቪዲዮውን፣ የልጆቹን ፎቶግራፎች፣ በስካነር የተነሡ የትምህርት ማስረጃዎቹንና የመመረቂያ ጽሑፎቹን በአንድ ስፍራ ለማኖር ሲያስብ ከፊቱ ሦስት መንገዶች ይቀርቡለታል። በየሰዉ ስልክና ላፕቶፕ ተበትነው እንዲኖሩ መተው አንዱ ነው። ለውጭ ኩባንያ በውጭ ምንዛሪ እየከፈሉ በበይነ መረብ ማስቀመጥ ሁለተኛው ነው። ሦስተኛው ከቤቱ ራውተር ጋር በኬብል የሚገናኝ፣ የቤቱ ሰው ሁሉ የሚደርስበት የጋራ ማከማቻ መትከል ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ሦስተኛውን መንገድ ነው። መሣሪያው በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ «ናስ» ይባላል፤ ነገር ግን ስሙ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ ከብረቱ ከናስ ጋር ስለሚምታታ እዚህ «የመረብ ማከማቻ» ተብሏል።

መሣሪያውን ገዝተው በሚተክሉ ሰዎች ዘንድ አንድ የተለመደ እምነት አለ፤ ይኸውም በውስጡ ሁለት ዲስኮች ስላሉ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተርፋል፣ ስለዚህ መረጃው ከመጥፋት ድኗል የሚል ነው። የዚህ ጽሑፍ ክርክር፣ እምነቱ መረጃ ከሚጠፋባቸው ብዙ መንገዶች አንዱን ብቻ የሚሸፍን ነው የሚል ነው። ከዚህም በመነሣት፣ መብራት በሚቆራረጥበትና ወደ ውጭ የሚላክ መረጃ በዝግታ በሚጓዝበት እንደ አዲስ አበባ ባለ ከተማ የአተካከሉ ቅደም ተከተል ምን መሆን እንዳለበት ይመረምራል። ለስሌቱ ማሳያ እንዲሆን 2 ቴራባይት መረጃ ያለው አንድ ግምታዊ ቤተሰብ ተወስዷል።

መሣሪያውና ኬብሉ

የመረብ ማከማቻ በመሠረቱ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። የራሱ ስክሪንና ኪቦርድ የለውም፤ ቀን ከሌት ይሠራል፤ አብዛኛውን ጊዜ በሊኑክስ ላይ የተመሠረተ ሶፍትዌር ይጫንበታል፤ ፎልደሮቹንም ኤስኤምቢ በተባለው የመረብ ፕሮቶኮል አማካይነት ለዊንዶውስ፣ ለማክና ለስልክ ያጋራል። ሲኖሎጂንና ኪውናፕን የመሰሉ ኩባንያዎች የተዘጋጀውን ሣጥን ይሸጣሉ። በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ትሩናስ ወይም ኦፕንሚዲያቮልት የተባሉትን ነፃ ሶፍትዌሮች ጭኖ ተመሳሳይ አገልግሎት ማግኘትም ይቻላል፤ ሆኖም አሮጌ ኮምፒውተር ብዙ ኃይል ስለሚበላ ጉዳቱ በኋላ በሚቀርበው የባትሪ ስሌት ላይ ይታያል።

የመትከሉ ሥራ ራሱ ከባድ አይደለም። ዲስኮቹ ይገባሉ፣ ኬብሉ ይሰካል፣ ከላፕቶፕ ብራውዘር የመሣሪያው ገጽ ተከፍቶ ሶፍትዌሩ ይጫናል፣ በራውተሩም ላይ ለመሣሪያው የማይለዋወጥ አድራሻ ይያዝለታል። ከዚያም ለእያንዳንዱ የቤት ሰው የራሱ አካውንት ይከፈታል።

በዚህ ደረጃ ችላ የሚባለው ኬብሉ ነው። በሴኮንድ አንድ ጊጋቢት የሚያሳልፍ ግንኙነት በኬብሉ ውስጥ ያሉትን ስምንቱንም ሽቦዎች ይፈልጋል፤ አራቱ ብቻ በደኅና የተያዙበት ኬብል ሥራውን አያቆምም፣ ነገር ግን ፍጥነቱ ወደ 100 ሜጋቢት ይወርዳል። ልዩነቱ በግምታዊው ቤተሰብ ላይ ሲሰላ እንዲህ ነው፦ 2 ቴራባይቱን በሴኮንድ 110 ሜጋባይት መገልበጥ አምስት ሰዓት ያህል ሲወስድ፣ በሴኮንድ 11 ሜጋባይት ግን ሃምሳ ሰዓት ይፈጃል። ብዙ ሰው ጥፋቱን በመሣሪያው ላይ ያሳብባል። ከመሣሪያው በፊት ኬብሉንና የራውተሩን መሰኪያ መፈተሽ ይገባል።

የመንታው ወሰን

ሬይድ በመባል የሚታወቀው ዲስኮችን የማጣመር ሐሳብ በጽሑፍ የተሰራጨው እ.ኤ.አ. በ1988 ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ባዘጋጁት ጥናት ነው። የጥናቱ መነሻ ኢኮኖሚያዊ ነበር፤ አንድ ትልቅና ውድ ዲስክ በብዙ ትናንሽና ርካሽ ዲስኮች ሊተካ ይችላል የሚል። ነገር ግን ዲስኮች በበዙ ቁጥር ከመካከላቸው አንዱ የሚበላሽበት ዕድል ስለሚጨምር ትርፍ መረጃ ማኖር ግድ ሆነ። ከሬይድ ዓይነቶች ቀላሉ፣ ሁለት ዲስኮች አንድ ዓይነት መረጃ የሚይዙበት መንታ አሠራር ነው። ዓላማው ዲስክ ሲበላሽ ሥራ እንዳይቆም ነው። ትናንት የነበረውን ፋይል ዛሬ መልሶ ማምጣት ከመጀመሪያውም የተሰጠው ተግባር አይደለም።

በቤት ውስጥ መረጃ የሚጠፋው በምን በምን ምክንያት ነው? ልጅ በስህተት ፎልደር ይሰርዛል፤ መንታው ስረዛውን በዚያው ቅጽበት በሁለቱም ዲስኮች ላይ ይፈጽማል። በአንዱ ላፕቶፕ የገባ ቤዛ ጠያቂ ቫይረስ የጋራውን ፎልደር ይቆልፋል፤ የተቆለፈው በሁለቱም ላይ ይጻፋል። ሌባ ሣጥኑን ይዞ ይሄዳል፤ ሁለቱም ዲስኮች በአንድ ሣጥን ውስጥ ናቸው። ከመጠን ያለፈ ቮልቴጅ ይገባል፤ ሁለቱም ከአንድ ፓወር ሰፕላይ ይመገባሉ። መንታው የሚያድነው አንድ ዲስክ ብቻውን ሲሞት ነው።

ይህም ቢሆን የሚናቅ አይደለም። በሺህዎች የሚቆጠሩ ዲስኮቹን መዝገብ በይፋ የሚያወጣው ባክብሌዝ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ለ2023 ያሰፈረው ዓመታዊ የብልሽት መጠን 1.70 በመቶ ነው። ይህ ግን ሙቀቱና የኃይል አቅርቦቱ በሚቆጣጠሩት የመረጃ ማዕከል ውስጥ የተገኘ ቁጥር ስለሆነ ለቤት እንደ ዝቅተኛ ወለል መወሰድ አለበት። ዲስክ ሊሞት ሲል ራሱ ያስጠነቅቃል የሚለው ተስፋም ውስን ነው፤ የጉግል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ከመቶ ሺህ በላይ ዲስኮችን መርምረው ባቀረቡት ጥናት፣ ከተበላሹት ውስጥ ከ56 በመቶ በላይ የሚሆኑት ጠንካራ ከተባሉት አራት የማስጠንቀቂያ ምልክቶች አንዱንም አላሳዩም። ስለዚህ የዲስኩን የራስ ምርመራ ማብራት ተገቢ ሲሆን፣ ምልክት አለመታየቱን እንደ ጤንነት ማረጋገጫ መቁጠር ግን ስህተት ነው።

በግዢ ጊዜ አንድ ነገር ማጣራት ይጠቅማል። አንዳንድ ዲስኮች ትራኮቻቸው እንደ ጣሪያ ክዳን ተደራርበው የሚጻፉ ናቸው፤ እነዚህ ለብዙ ጊዜ ያለ ዕረፍት ሲጻፍባቸው እጅግ ስለሚዘገዩ በሬይድ ውስጥ የተበላሸን ዲስክ ለመተካት አይመቹም። እ.ኤ.አ. በ2020 ዌስተርን ዲጂታል ለመረብ ማከማቻ ከሚሸጣቸው ቀይ ዲስኮች መካከል ከ2 እስከ 6 ቴራባይት ያሉ አንዳንድ ሞዴሎች በዚህ ዘዴ የተሠሩ መሆናቸውን ከቅሬታ በኋላ ይፋ ማድረጉ ይታወሳል። የሞዴሉን ሙሉ ቁጥር ከአምራቹ ሠንጠረዥ ጋር ሳያመሳክሩ መግዛት አይመከርም።

መብራት

ስለ መረብ ማከማቻ የሚጻፉ የውጭ መመሪያዎች የኃይል መቋረጥን በመጨረሻ፣ አንዳንዴም በአንድ መስመር ያልፉታል። በአዲስ አበባ ቤት ውስጥ ግን የመጀመሪያው ጉዳይ እርሱ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት ፋይል እንዴት እንደሚጻፍ ማየት ያስፈልጋል። ኮምፒውተሩ «ተጽፏል» ብሎ ሲመልስ መረጃው ገና በማከማቻው ወይም በዲስኩ ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ሊሆን ይችላል። በዚያ ቅጽበት መብራት ቢጠፋ ያልተጻፈው ይጠፋል። ዘመናዊ የፋይል ሥርዓቶች ሊያደርጉት ያሰቡትን አስቀድመው በመዝገብ ስለሚይዙ መዋቅራቸው አይፈርስም፤ በመጻፍ ላይ የነበረው ፋይል ግን ጎዶሎ ሊሆን ይችላል። በመንታው ላይ ደግሞ ሌላ ችግር አለ፦ አንዱ ዲስክ አዲሱን፣ ሌላው አሮጌውን ይዞ ሊቀር ይችላል፤ መሣሪያው ሲነሣም ሁለቱን እንደገና ማመሳሰል ይኖርበታል። ሦስትና ከዚያ በላይ ዲስኮች በሚጣመሩበት ሬይድ 5 ላይ ይህ አለመጣጣም የባሰ ነው፤ በኋላ አንድ ዲስክ ሲሞት የተሳሳተ መረጃ ተሰልቶ ሊወጣ ይችላልና። መብራት በሚቆራረጥበት ቤት ሬይድ 5ን ያለ ዩፒኤስ መጠቀም ቦታ ለመቆጠብ ሲባል የሚከፈል ተገቢ ያልሆነ ዋጋ ነው።

ዩፒኤስ መግዛት ግን ግማሽ መፍትሔ ነው። ብዙ ቤቶች ዩፒኤሱን ሰክተው ይተዉታል፤ ባትሪው ሲያልቅ መሣሪያው እንደ በፊቱ በድንገት ይጠፋል። ወሳኙ ነገር ከዩፒኤሱ ወደ ማከማቻው የሚሄደው የዩኤስቢ ገመድ ነው። በእርሱ በኩል ማከማቻው መብራት መጥፋቱንና የባትሪውን መጠን ያውቃል፣ በተወሰነለት ጊዜም ራሱን በሥርዓት ይዘጋል። የሚገዛው ዩፒኤስ ይህ መሰኪያ ያለውና በማከማቻው ሶፍትዌር የሚታወቅ መሆኑን ማረጋገጥ ከቪኤ መጠኑ ይቀድማል።

ስሌቱ ይህን ይመስላል። በትናንሽ ዩፒኤሶች ውስጥ የሚገኘው 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ በጽሑፍ 84 ዋት ሰዓት ይይዛል። የመለወጫ ብክነቱና የባትሪው ዕድሜ ታስቦ ግማሹን ብቻ መቁጠር አስተማማኝ ነው፤ ይህም 42 ዋት ሰዓት ነው። ባለ ሁለት ዲስክ ማከማቻ 20 ዋት፣ ራውተሩ 10 ዋት ቢወስዱ ከአንድ ሰዓት ጥቂት በላይ ይቆያሉ። በማከማቻው ምትክ 80 ዋት የሚበላ አሮጌ ኮምፒውተር ቢሆን ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ያም ሆኖ ዓላማው መብራት እስኪመለስ መቆየት መሆን የለበትም። መብራት ከጠፋ ከአምስት ወይም ከአሥር ደቂቃ በኋላ እንዲዘጋ ማዘዝ ባትሪው ባዶ እስኪሆን እንዳይጠቀም ያደርጋል፤ የእርሳስ ባትሪ ደጋግሞ እስከ ጫፍ ሲራገፍ ዕድሜው በፍጥነት ያጥራልና።

የመመለሻው ሰዓት ከመጥፊያው ያላነሰ አደገኛ ነው። መብራት ሲመጣ ቮልቴጁ የሚዋዥቅበት፣ መጥቶ ወዲያው የሚሄድበት ጊዜ አለ። ማከማቻው መብራት እንደመጣ ወዲያው እንዲነሣ ከታዘዘ በባዶ ባትሪ ይነሣና ሁለተኛው መቋረጥ ያለ መከላከያ ያገኘዋል። ባትሪው ቢያንስ እኩሌታው እስኪሞላ ወይም ለተወሰኑ ደቂቃዎች እንዲጠብቅ ማዘዝ፣ ዩፒኤሱ ይህን ካልፈቀደም በእጅ ማስነሣት ይሻላል።

መንታው ራሱ በመብራት ላይ ምን ያህል እንደተደገፈ የሚታየው ዲስክ ሲተካ ነው። ባለ 8 ቴራባይት ዲስክ በሴኮንድ 150 ሜጋባይት ቢጻፍበት ሙሉው ቅጂ ወደ አሥራ አምስት ሰዓት ይወስዳል። ይህን ያህል የሚያቆይ የቤት ዩፒኤስ የለም። የሊኑክሱ ሶፍትዌር ሬይድ በሥርዓት ከተዘጋ ካቆመበት ይቀጥላል፤ ስለዚህ እዚህም ወሳኙ ያ የዩኤስቢ ገመድ ነው። በእነዚያ ሰዓታት ግን ቤተሰቡ ያለው አንድ ዲስክ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም አብዛኛውን ጊዜ ከሞተው ጋር በአንድ ቀን ከአንድ ሱቅ የተገዛ፣ ተመሳሳይ ዕድሜ ያለው ነው።

ቅጽበታዊ ቅጂና የተዘጋ በር

በስህተት ለተሰረዘውና በቫይረስ ለተቆለፈው መልሱ ቅጽበታዊ ቅጂ ነው። ቢቲአርኤፍኤስና ዜድኤፍኤስ የተባሉት የፋይል ሥርዓቶች አሮጌውን መረጃ በቦታው ትተው አዲሱን በሌላ ስፍራ ስለሚጽፉ፣ የአንድን ሰዓት ሁኔታ ብዙ ቦታ ሳይወስዱ ጠብቀው ማኖር ይችላሉ። በየሰዓቱ የተነሣውን ለአንድ ቀን፣ የየዕለቱን ለአንድ ወር፣ የየወሩን ለአንድ ዓመት ማቆየት ለፎቶግራፍና ለጽሑፍ በቂ ነው። ቅጽበታዊ ቅጂዎችን ከተራ አካውንት መሰረዝ ስለማይቻል በላፕቶፕ ላይ ያለ ቫይረስ አይደርስባቸውም፤ የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል በዚያው ላፕቶፕ ላይ ካልተቀመጠ ማለት ነው። ለዕለት ሥራ የአስተዳዳሪ አካውንት መጠቀም የማይገባው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላው የመጥፊያ መንገድ ከውጭ የሚገባው ነው። ባለቤቱ ከቢሮ ወይም ከውጭ አገር ሆኖ ፋይሉን ለማግኘት ሲፈልግ በራውተሩ ላይ በር ይከፍታል፣ ወይም ዩፒኤንፒ የተባለው አሠራር ሳይጠየቅ ይከፍትለታል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 የዌስተርን ዲጂታል ማይ ቡክ ላይቭ ባለቤቶች መሣሪያቸው ከሩቅ በተላለፈ ትእዛዝ ባዶ ሆኖ አገኙት፤ መሣሪያው ከ2015 ወዲህ የሶፍትዌር ማሻሻያ ያልተደረገለት ነበር። በጃንዋሪ 2022 ደግሞ ዴድቦልት የተባለው ቫይረስ ለኢንተርኔት የተጋለጡ የኪውናፕ መሣሪያዎችን ቆልፎ ከእያንዳንዱ ባለቤት 0.03 ቢትኮይን ጠየቀ። በሁለቱም ጊዜ መንታ ዲስክ የነበረውና ያልነበረው ዕጣቸው አንድ ነበር። ከውጭ መግባት የግድ ካስፈለገ ዋየርጋርድን በመሰለ ቪፒኤን በኩል ብቻ መሆን አለበት፤ ካላስፈለገ በሩ ተዘግቶ ዩፒኤንፒም ይጥፋ።

ከቤት የሚወጣው ቅጂ

ፎቶግራፍ አንሺው ፒተር ክሮግ ያስፋፋው ደንብ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ ከሦስቱ አንዱ ከቤት ውጭ ይላል። መንታው በዚህ ደንብ እንደ አንድ ቅጂ ይቆጠራል። ሁለተኛው ቅጂ ለምትኬ ብቻ እየተሰካ ተነቅሎ በቁም ሳጥን የሚቀመጥ የዩኤስቢ ዲስክ ሊሆን ይችላል። አስቸጋሪው ሦስተኛው ነው።

ወደ ውጭ በሴኮንድ 5 ሜጋቢት በሚልክ መስመር ላይ የግምታዊው ቤተሰብ 2 ቴራባይት ሳይቋረጥ 37 ቀን ይፈጃል። መስመሩ ሲቋረጥ፣ መብራት ሲጠፋ፣ ሌላው የቤት ሰው ሲሠራበት ታስቦ ሲታይ ወራት ነው። ያው መረጃ በዩኤስቢ ዲስክ ላይ በሴኮንድ 100 ሜጋባይት ከስድስት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይገለበጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሙሉ ቅጂ በሰው እጅ መጓዝ አለበት፤ በሌላ ሰፈር ወዳለ ዘመድ፣ ወይም በዓል ውሎ ወደ ዋሽንግተን፣ ወደ ዱባይ ወይም ወደ ቴል አቪቭ በሚመለስ የቤተሰብ አባል የእጅ ሻንጣ። ከዚያ በኋላ የሚጨመረው በወር 10 ጊጋባይት ቢሆን በዚያው መስመር አራት ሰዓት ተኩል ስለማይሞላ በሌሊት በቪፒኤን ሊላክ ይችላል። ከቤት የሚወጣ ዲስክ በይለፍ ቃል መመስጠር አለበት፤ በመንገድ ቢጠፋ የሚጠፋው የዲስኩ ዋጋ ብቻ ይሆናል።

ስምና ዘመን

የአያያዙ ችግር ሁሉ ቴክኒካዊ አይደለም። በፋይል ስም ፍለጋ ላይ «ሠርግ» እና «ሰርግ» ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ «ፀሐይ» ብሎ የሰየመውን ሰው ፎልደር «ጸሀይ» ብሎ የሚፈልገው አያገኘውም። ቤተሰቡ አንድ አጻጻፍ መምረጥና መጽናት አለበት። የስም ርዝመትም ገደብ አለው፦ በሊኑክስ የተለመዱ የፋይል ሥርዓቶች አንድ ስም 255 ባይት ነው፤ በዩኒኮድ የተለመደው አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚይዝ ከ85 ፊደል አይበልጥም። በሲኖሎጂ የተመሰጠሩ የጋራ ፎልደሮች ላይ ገደቡ 143 ባይት፣ ማለትም 47 ፊደል ነው። ረጅም ርእስ ያለው የመመረቂያ ጽሑፍ በአማርኛ ርእሱ ተሰይሞ ወደዚያ ሲገለበጥ እምቢ የሚለው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ከዚህ የሚብሰው የዘመን አቆጣጠሩ ነው። «2016» ተብሎ የተሰየመ ፎልደር የትኛው 2016 ነው? ካሜራውና ስልኩ በፎቶግራፉ ውስጥ የሚጽፉት የአውሮፓውያንን ቀን ነው፤ የ2016 ዓ.ም. ጥምቀት በፋይሉ ውስጥ ጃንዋሪ 2024 ተብሎ ይገኛል። የ2016 ዓ.ም. መስከረም ግን በ2023 ውስጥ ነው፤ ስለዚህ አንዱ የኢትዮጵያ ዓመት በሁለት የአውሮፓውያን ዓመታት ይከፈላል። የሚያዋጣው ለእያንዳንዱ ፋይል ካሜራው የሰጠውን ቀን ሳይነኩ መተውና ለፎልደሩ «2016 ዓ.ም. ጥምቀት» የሚል ሙሉ ስም መስጠት ነው። «ዓ.ም.» የምትለው ትንሽ ጭማሪ ከሃያ ዓመት በኋላ ፎልደሩን ለሚከፍት ልጅ ብዙ ግምት ታስቀርለታለች።

ቁልፉ በማን እጅ ነው

በአብዛኛው ቤት መሣሪያውን የሚያውቀው አንድ ሰው ነው። ያ ሰው ለትምህርት ውጭ ቢሄድ፣ ቢታመም ወይም ቢሞት ማከማቻው እየሠራ የተዘጋ ይሆናል፤ የተመሰጠረው ቅጂ ደግሞ ያለ ይለፍ ቃሉ ለሌባም ለባለቤትም እኩል ዝግ ነው። ይህ የመጥፊያ መንገድ በየትኛውም የሬይድ ዓይነት አይሸፈንም። የሚሸፍነው አንድ ወረቀት ነው፤ የአስተዳዳሪው ስምና የይለፍ ቃል፣ የመሣሪያው አድራሻ፣ የምስጠራው ቁልፍ፣ የውጭው ዲስክ በማን ቤት እንዳለ፣ መሣሪያው ቢሞት ዲስኮቹን አውጥቶ በምን ማንበብ እንደሚቻል በአማርኛ የተጻፈበት። ወረቀቱ በፖስታ ታሽጎ ከቤቱ ካርታና ከልደት የምስክር ወረቀቶች ጋር ይቀመጣል።

ወረቀቱም ሆነ ቅጂው መሥራቱ የሚታወቀው ሲሞከር ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ መሣሪያውን ያልተከለ የቤት ሰው ወረቀቱን ብቻ ይዞ አሥር ፋይሎችን ከዩኤስቢ ዲስኩ ወደ ሌላ ኮምፒውተር መልሶ እንዲከፍት ማድረግ ይቻላል። በሁለተኛው ሙከራ ከአሥሩ አንዱ ቪዲዮ፣ ሌላው ከአምስት ዓመት በላይ የቆየ ሰነድ ይሁን። ሰውየው የተቸገረበት መስመር በወረቀቱ ላይ በዚያው ቀን ይታረማል።